ለቅሶ በፈረቃ

ለ«እንደራረስ» የመረዳጃ እድር አስመራጭና ጸጥታ ኮሚቴ፣
በተለይም ለክቡር ሰብሳቢው ለአቶ ባስልኤል፣
ቶሮንቶ፣ ሐሙስ

ክቡራን ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናችሁ እንደምን ነው? ቤተሰቦቻችሁስ፣ መኪኖቻችሁስ፣ የአዳራሹ መስተዋቶችስ ደህና ሰነበቱ? እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይድረሰውና ከፍርሃት በስተቀር እጅግ ደህና ነኝ። ይህን የምጽፍላችሁ የዌስተን ሰፈር ነዋሪ የሆንኩት የእድራችን ተራ አባል፣ እስከ ትናንት ድረስም እናንተው ያለበሳችሁኝን ቢጫ ሰደርያ ለብሼ «የለቅሶ ቤት ታዛቢ» በሚል ማዕረግ ያገለገልኳችሁ ኤሊያስ ነኝ። ደብዳቤዬን እንደ ወጉ በፖስታ አሽጌ ልልክላችሁ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ኮሚቴያችሁ ለደህንነት ሲባል አድራሻውን ስለሰወረ፣ ብሉር ጎዳና ላይ ባሉት የሐበሻ ሱቆች መስኮት፣ በሁለቱ ዕጩዎች ፎቶግራፍ መካከል በተረፈችው ቦታ ለመለጠፍ ተገድጃለሁ።

ጉዳዬን ላስቀድም። አቶ እሸቱ ከዚህ ዓለም የተለዩት ሰኞ ነው። ባለቤታቸው ወ/ሮ አበራሽ ቅዳሜ ጠዋት ሊቀብሯቸው ይፈልጋሉ። የእድራችን የፕሬዚዳንት ምርጫ ደግሞ እሑድ ነው። እናንተም ለሕዝብ ሰላም ስትሉ፣ ቀብሩ ምርጫው እስኪያልፍ ይዘግይ፣ ሐዘንተኛዋ እምቢ ካሉም አባላት በቀብሩ ላይ ባይገኙ ይመረጣል ብላችሁ ወስናችኋል። ስለዚህ በአሁኑ ሰዓት አንድ ሰው ለመቀበር ተራ እየጠበቁ ነው፤ አንዲት ሴትም ባላቸውን ማን እንደሚሸከምላቸው አያውቁም። ምስጋናዬንም ሆነ አንዳንድ ቅሬታዬን በቁጥር ከፋፍዬ የማቀርበው ይህ ከልባችሁ እንዳይወጣ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ሹመቱ ስም ላመስግናችሁ። እድራችን ሲመሠረት መሪው «ሰብሳቢ» ይባል ነበር። ሰብሳቢነቱን የሚፈልግ ሰው ስለማይገኝ፣ በየጊዜው ከስብሰባው የቀረውን ሰው እንመርጥ ነበር፤ እኔ ራሴ ጉንፋን ይዞኝ የቀረሁ ጊዜ ለጥቂት ነው ያመለጥኩት። አምና መተዳደሪያ ደንቡን ስታሻሽሉና ሹመቱን «ፕሬዚዳንት» ስትሉት ግን፣ ለካ ሰው የጠላው ሥራውን ሳይሆን ስሙን ኖሮ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ ሁለት ዕጩ፣ ሁለት አርማ፣ ሁለት የቴሌግራም ቡድንና ሁለት ዓይነት ቲሸርት ወጣ።

ዕጩዎቹን የሚለያያቸው ነገር ቀላል አይደለም። አቶ አስማማው አንድ አባል ሲሞት አስከሬኑ ወደ አገር ቤት ተልኮ በወገኖቹ መካከል ይረፍ ይላሉ። ወ/ሮ ዓለምሸት ደግሞ ልጆቻችን አበባ ይዘው የሚደርሱበት የጋራ መቃብር እዚሁ ይኑረን ይላሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ጣጣው እሱ ነው። አንደኛው ወገን የሚሰበሰብበት ምግብ ቤት ከሌላው ወገን ምግብ ቤት ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ ስለሆነ፣ ክትፎ የምንበላበት አቅጣጫ የፖለቲካ አቋማችን ሆኖ አረፈው። እኔ ምሳዬን ከመንገዱ ወዲህ፣ እራቴን ከመንገዱ ወዲያ እበላ ነበር። በሁለት ቢላ መብላት የሚሉት ነገር የተነገረው ለእኔ ነው። ለሁለቱም ዕጩዎች ድምፄን ልሰጥ ቃል ገብቻለሁ፤ በዚህም ያገኘሁት ትርፍ ቦርጭ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ማስጠንቀቂያችሁ። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን የአባቶች ምክር አንግባችሁ የላካችሁልንን መልእክት አሁንም ስልኬ ላይ አኑሬዋለሁ። በምርጫው ዕለት ጃንጥላ ይዞ መግባት ክልክል መሆኑን፣ የሁለቱ ወገን ደጋፊዎች በተለያየ በር እንደሚገቡ፣ መኪና አፍንጫውን ወደ መውጫው አዙሮ እንዲቆም፣ ልጆችና ሽማግሌዎች ቢቻል ቤታቸው እንዲውሉ አሳስባችሁናል። ምግብ ከቀረበም ያለ ሹካ እንደሚሆን አክላችኋል፤ በእጁ ለሚበላ ሕዝብ የወጣ መመሪያ ስለሆነ ያለ አንዳች ተቃውሞ ተቀብለነዋል።

እናንተ የማታውቁት አይደለም፤ እኛ ምርጫ ሲባል መደበቂያ የምንፈልግ ሰዎች ነን። አገር ቤት ሳለን በምርጫ ሰሞን ሱቅ ሲዘጋ፣ ታክሲ ሲጠፋ፣ እናቶች ልጆቻቸውን ሰብስበው በር ሲቀረቅሩ አይተናል። እዚህም ከመጣን ወዲህ ከድንበሩ ማዶ ያሉት ጎረቤቶቻችን ፕሬዚዳንት በመረጡ ቁጥር የሱቃቸውን መስኮት በጣውላ ሲከድኑ በቴሌቪዥን እያየን ነው የከረምነው። ታዲያ «ፕሬዚዳንት»ና «ምርጫ» የሚሉት ቃላት በአንድ መልእክት ውስጥ ተያይዘው ሲመጡብኝ፣ አእምሮዬ የእድር ይሁን የአገር ለማጣራት አልቆመም። ወጥቼ አንድ ጆንያ የጤፍ ዱቄት፣ ሽሮ፣ ዘይት፣ ሻማና የባትሪ ድንጋይ ገዛሁ። የባኞ ቤቱንም ገንዳ እስከ አፉ ውኃ ሞላሁት።

ሥራ ለመሄድ ልትታጠብ የገባችው ልጄ ሔርሞን ገንዳውን አይታ፣ «ዳዲ፣ ዋት ኢዝ ዚስ?» አለችኝ። ምርጫ መድረሱን ነገርኳት። የካናዳ ምርጫ መቼ እንደሆነ ስልኳ ላይ ልትፈልግ ስትጀምር፣ የካናዳ ሳይሆን የእድር መሆኑን አስረዳኋት። ልጅቷ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናትና እድር ሰው ሲሞት ወንበር የሚያመጣ ማኅበር እንጂ የሚያስፈራ ነገር መሆኑን አልሰማችም። ፎጣዋን ይዛ ጓደኛዋ ቤት ሄደች። ውኃው እስካሁን አለ፤ የተቸገረ አባል ቢኖር ባልዲ ይዞ ብቅ ይበል።

ሦስተኛ፣ ሬክስዴል በሚገኘው አዳራሽ ስላዘጋጃችሁልን የዕጩዎች ክርክር። የቀጠራችኋቸው ሁለት የጥበቃ ሠራተኞች ስለ ምን እንደምንጣላ ሊገባቸው ባይችልም፣ አንደኛው ሰው ሲገባ እንደሚስቅ አይቻለሁ። ዕጩዎቹ ገና ሰላምታ እየሰጡ ሳለ ከበስተኋላ ዷ! የሚል ድምፅ ተሰማ። ማንም ምንድን ነው ብሎ አልጠየቀም። የአዳራሹ ሰው በሙሉ ለብዙ ዓመት ሲለማመደው እንደኖረ ሁሉ በአንድ ጊዜ መሬት ላይ ተኛ። አቶ አስማማውና ወ/ሮ ዓለምሸት በአንድ ጠረጴዛ ሥር ተገናኙ፤ ዘመቻው ከተጀመረ ወዲህ በአንድ አቋም የታዩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እናንተ ክቡራን የኮሚቴ አባላት በየትኛው በር እንደወጣችሁ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

እኔ የገባሁት የጽዳት ዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ ነው። በሩ ከተዘጋ በኋላ ከውስጥ እንደማይከፈት የተረዳሁት ዘግይቼ ስለነበር፣ በመጥረጊያውና በባልዲው መካከል ቆሜ የሕዝቤን ዕጣ ፈንታ ሳሰላስል ቆየሁ። «ፈሪ ለእናቱ» ይባላል፤ እናቴ በሕይወት ኖራ ብታየኝ ኖሮ ምን ያህል በተደሰተች!

በሩን የከፈቱልኝ አቶ እሸቱ ናቸው። ለማታውቋቸው አዲስ አባላት ልንገራችሁ፤ አቶ እሸቱ የእድራችን ንብረት ኃላፊ ነበሩ። ድንኳኑ፣ ብረት ድስቱና ተጣጣፊ ወንበሮቹ የተቆለፉበት ማከማቻ ቁልፍ እድሩ ከተመሠረተ ጀምሮ በክር ታስሮ አንገታቸው ላይ ነበር። ጠባያቸው ለስላሳ ነበር ብዬ አልዋሽም። የተቀመጠበትን ወንበር ሳያጥፍ የሄደውን ሰው፣ ዶክተርም ይሁን ቄስ፣ መኪናው ድረስ ተከትለው ይመልሱት ነበር። እኔንም ሁለት ጊዜ መልሰውኛል፤ አንዴም ሞተር አስነስቼ። ግን የማን ቤት ሐዘን ገብቶ ነው እሳቸው ከቤተ ዘመድ ቀድመው ወንበር ተሸክመው ያልደረሱት? የእኔ እናት ያረፈች ጊዜ መርዶውን ገና በቅጡ ሳልሰማ በሬ ላይ ወንበር ሲዘረጋ ነው የሰማሁት።

የዚያን ዕለት ዷ ያለውም ግድግዳውን አስደግፈው የደረደሯቸው ወንበሮች ተንሸራተው ነው። አቶ እሸቱ መጥረጊያ ሊወስዱ በሩን ሲከፍቱ እኔን አገኙ። አልሳቁብኝም። «ወንበር ነው፤ ውጣ» አሉኝና መጥረጊያውን ይዘው ሄዱ። ለማንም ሰው አልነገሩብኝም፤ ይኸው ራሴ እስክናገር ድረስ የሚያውቅ አልነበረም። ከእሳቸው አንደበት የሰማሁት የመጨረሻ ቃል ይህ ሆነ። በቀጣዩ ሰኞ ልባቸው ቆመ።

አራተኛ፣ ለቅሶ በፈረቃ እንዲሆን ስላወጣችሁት መመሪያ። የሰው ልጅ ከአዳም ጀምሮ ሲያለቅስ ኖሯል፤ የለቅሶን ሰዓት በፖለቲካ አቋም የደለደለ ግን ከእናንተ በፊት የተነሣ አልሰማሁም። የአቶ አስማማው ደጋፊዎች ከቀትር በኋላ፣ የወ/ሮ ዓለምሸት ደጋፊዎች ምሽት ላይ እንዲያለቅሱ፣ በመካከሉም ሁለቱ ወገኖች በወ/ሮ አበራሽ ሕንፃ ሊፍት ውስጥ እንዳይገናኙ አንድ ሰዓት ባዶ እንዲሆን ደነገጋችሁ። ይህንንም የሚቆጣጠር ገለልተኛ ሰው ስትፈልጉ፣ ለሁለቱም ወገን ቃል ከገባ ሰው የበለጠ ገለልተኛ አይገኝም ብላችሁ እኔን መረጣችሁኝ። እኔም ሰደርያው ከነመታወቂያው ሲሰጠኝ፣ ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ መስተዋት ፊት ቆሜ አይቼዋለሁ። ይህን የምናገረው ሹመት ሰውን እንደሚለውጥ ለማስረዳት ነው፤ ሹመቴ ለቅሶ ቤት በር ላይ መቆም ቢሆንም እንኳ።

ሥራዬ ከለቅሶው ውስጥ ቅስቀሳ የሚመስለውን ለይቶ ማስቆም ነበር። በመመሪያችሁ መሠረት «ያገሩን አፈር ቢለብስ ምን ነበረበት» ያለ ሰው ለአቶ አስማማው እንደቀሰቀሰ፣ «እዚሁ አጠገባችን ይረፍ» ያለ ደግሞ ለወ/ሮ ዓለምሸት እንደቀሰቀሰ ይቆጠራል። ማክሰኞ ዕለት እማማ ጸሐይ፣ በዕድሜ የሁላችን እናት የሆኑት ሴት፣ «በሰው አገር ወደቅህ ወይ ወንድሜ» እያሉ እንባቸውን ሲያወርዱ፣ እኔ ሰደርያዬን አስተካክዬ ተጠጋኋቸውና ይህ አነጋገር ወደ አንድ ዕጩ እንደሚያደላ በትሕትና አስረዳኋቸው። እማማ ጸሐይ ለቅሷቸውን አቋርጠው፣ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠርገው፣ ቢጫውን ሰደርያ ከላይ እስከ ታች ተመለከቱና፣ «ልጄ፣ መንገድ ልትሠራ ነው የመጣኸው?» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ደንበኛ ለቅሶ አልተሰማም። የሚመጣው ሰው «ነፍስ ይማር» ይልና ምን ቃል ከአፉ እንዳያመልጠው ፈርቶ ስለ በረዶው መዘግየት ያወራል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ይነሣል። ሁለተኛው ፈረቃ ይመጣና ስለዚያው በረዶ ያወራል። ጸጥታ ማስከበር ይህ ከሆነ፣ ጸጥታው ተከብሯል።

አንድ ነገር ግን በመመሪያችሁ አልተጠቀሰም፤ ብርጭቆውን ማን ያጥባል የሚለው ነው። የመጀመሪያው ፈረቃ የሚመጣው ያጥበዋል ብሎ፣ ሁለተኛው ደግሞ የእነሱን ቆሻሻ አላጥብም ብሎ ትቶት ይሄዳል። ትናንት በባዶው ሰዓት ውኃ ልጠጣ ወደ ወጥ ቤት ብገባ፣ ወ/ሮ አበራሽ ጥቁራቸውን እንደለበሱ ቆመው ብርጭቆ ያጥባሉ። ሐዘንተኛዋ፣ ክቡራን! ከፍራሻቸው ተነሥተው! እድር ያላት ሴት፣ ባሏ በሞተ በሦስተኛው ቀን፣ የለቀስተኛን ብርጭቆ ታጥባለች። አጠገባቸው ቆሞ የሚያደርቀው የፎቃቸው ጎረቤት ፋሩቅ ነው። ፋሩቅ የእድራችን አባል ስላልሆነ ፈረቃ የለውም፤ ሰኞ ገብቶ እስካሁን አልወጣም ማለት ይቻላል።

ወ/ሮ አበራሽ ዞር ሳይሉ፣ «ኤሊያስ፣ አንተ የትኛው ፈረቃ ነህ?» አሉኝ። ታዛቢ መሆኔን ነገርኳቸው። ያጠቡትን ብርጭቆ ለፋሩቅ አቀብለው፣ «እሺ፣ እሸቱስ? እሸቱ የትኛው ፈረቃ ነው?» አሉኝ። አፈርኩ፤ ከዚህ በላይ ያማረ ቃል ልፈልግለት አልችልም። ሰደርያዬን አውልቄ ብርጭቆ ማጠቡን ተቀበልኳቸው፤ ሁለቱን ሰበርኩ።

አምስተኛና የመጨረሻው የቀብሩ ነገር ነው። በምርጫው ሕግ መሠረት ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ያሉት ቀናት የጥሞና ጊዜ ስለሆኑ ምንም ዓይነት ቅስቀሳ አይፈቀድም። አቶ እሸቱ እዚህ ቢቀበሩ ለወ/ሮ ዓለምሸት፣ አስከሬናቸው ወደ አገር ቤት ቢላክ ለአቶ አስማማው ቅስቀሳ ይሆናል ብላችሁ፣ ሟቹ በጥሞናው ጊዜ ባሉበት እንዲቆዩ አዘዛችሁ። ከአባላቱ ሁሉ መመሪያችሁን አንድም ሳያጓድሉ የፈጸሙት እሳቸው ብቻ መሆናቸውን መመስከር እወዳለሁ።

ወ/ሮ አበራሽ ቅዳሜን የመረጡት ምርጫችሁን ለማወክ አይደለም። ልጅ አልወለዱም፤ አገር ቤት የነበሩት የባላቸው ወንድሞችም አልቀዋል። ለምን እዚህ ሊቀብሯቸው እንደፈለጉ ስጠይቃቸው፣ «በባስ የምደርስበት ይሁንልኝ። ለሠላሳ ዓመት ስጨቀጭቀው የኖርኩትን ሰውዬ ዛሬ ባሕር አሻግሬ ማንን ልጨቅጭቅ?» ነው ያሉኝ። ይህ የምርጫ ማኒፌስቶ አይደለም፤ የአንዲት ሚስት ጉዳይ ነው። እድር ለምን እንደተመሠረተ ለእናንተ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ስለሚሆንብኝ እተወዋለሁ።

በእርግጥ መጀመሪያ ላይ አስታራቂ ሐሳብ አቅርባችሁ ነበር፤ ከየወገኑ ሦስት ሦስት ሰው ተመርጦ ሳጥኑን ይሸከም ብላችሁ። ከዚያ በራስጌው በኩል የሚይዘው የማን ወገን ነው የሚለው ጥያቄ ተነሣ። ስብሰባ ተቀመጣችሁ፤ ዕጣ ይውጣ ተባለ፤ ዕጣውን ማን ያውጣ ተባለ፤ በመጨረሻም ሁከት ሊነሣ ይችላል ብላችሁ ሁለቱም ወገኖች እንዲቀሩ ወሰናችሁ። የቀብር አስፈጻሚው ድርጅት ሠራተኛ ጋሪ አለን ብሎ ነበር። ወ/ሮ አበራሽ ይህን ሲሰሙ፣ «ወንበር ነው እንዴ በጋሪ የሚገፋው?» ብለው መለሱት።

ስለዚህ ስድስት ሰው እንፈልጋለን። ፋሩቅ አለ። ወንድሙ ዙበይር አቶ እሸቱን በአካል አያውቃቸውም፤ ግን ፈቃድ ጠይቆ ከሥራ ቀርቷል። ልጄ ሔርሞን የተሸካሚ እጥረት መኖሩን ከእኔና ከእናቷ ወሬ ሰምታ፣ «አይ ካን ሊፍት፣ ዳዲ። ሲሪየስሊ» ብላኛለች፤ እውነትም ከእኔ የበለጠ ክብደት ታነሣለች። ሴት ልጅ አስከሬን ትሸከማለች ወይ ብላችሁ እንደምትደነግጡ አውቃለሁ፤ እንግዲያው ወንዶቹ ኑና ተቀበሏት። አራተኛው እኔ ነኝ፣ ከነወገብ ሕመሜ። ሁለት ይጎድለናል። ከአቶ አስማማው ወገን አንድ፣ ከወ/ሮ ዓለምሸት ወገን አንድ ቢመጣልን ይበቃናል። ራስጌውን በሙሉ ለእናንተ ለቅቄአለሁ፤ እኔ እግርጌውን እይዛለሁ፤ ለፈሪ ሰው ከኋላ ይሻለዋል።

እፈራለሁ፣ ክቡራን፤ ይህን ልሸሽጋችሁ አልፈልግም። ቅዳሜ መቃብሩ ጋ ሁለቱ ወገኖች ቢገናኙ አንዱ አንድ ነገር ይናገር ይሆናል፣ ሌላው ይመልስ ይሆናል፣ እኔም የምደበቅበት የጽዳት ክፍል በዚያ ሜዳ ላይ እንደማይኖር አስቀድሜ አጣርቻለሁ። ነገር ግን ትናንት ብርጭቆ እያጠብኩ ሳለ ሌላ ፍርሃት ያዘኝ። እኔም አንድ ቀን እሞታለሁ። ያን ጊዜ ለሁለቱም ቃል የገባሁ ሰው ነኝና በየትኛው ፈረቃ ነው የሚለቀስልኝ? የማውቀው ሰው ሁሉ ሰዓቱን እያየ፣ ስለ በረዶ እያወራ፣ ባለቤቴም ወጥ ቤት ቆማ ብርጭቆ ስታጥብ ታየኝ። ከዱላ ይልቅ ይህን ፈራሁ። አርባ ዓመት ሲዋጣበትና ሲለቀስበት የኖረ እድር ፕሬዚዳንት አግኝቶ ለቀስተኛ ቢያጣ፣ ምን ያደርግልናል?

በዚህም መሠረት ከታዛቢነት ሥራዬ በፈቃዴ መልቀቄን በታላቅ አክብሮት አስታውቃለሁ። መታወቂያውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤዋለሁ። ሰደርያውን ግን ለጊዜው አልመልስም፤ ቅዳሜ አስከሬኑን ተሸክመን መንገድ ስንሻገር መኪና የሚያስቆም ቢጫ ነገር ስለሚያስፈልግ ለብሼው እወጣለሁ። እማማ ጸሐይ የጠረጠሩት ሥራ ሄዶ ሄዶ መድረሱ አልቀረም።

ፍትሐዊነታችሁን ሳደንቅ የምውል፣ ጥንቃቄያችሁን ሳስብ እንቅልፍ የሚነሣኝ፣ ለአቶ አስማማውም ለወ/ሮ ዓለምሸትም እኩል ታማኝ ያልሆንኩ፣ በመጥረጊያና በባልዲ መካከል የተገኘሁ፣ ነገር ግን ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ እግርጌውን ይዤ የምታገኙኝ ታዛዥ አገልጋያችሁ፣

ኤሊያስ፣ ከዌስተን

ማስታወሻ፦ ልረሳው ነበር። ለእሑዱ ታሪካዊ ምርጫ የሚያስፈልጓችሁ ወንበሮች፣ ጠረጴዛዎችና የድምፅ መስጫው ሣጥን ጭምር ያሉት በእድሩ ማከማቻ ውስጥ ነው። ቁልፉ አንድ ብቻ ሲሆን፣ አሁን ያለው ወ/ሮ አበራሽ አንገት ላይ ነው። ቅዳሜ እዚያው መቃብሩ አጠገብ፣ አንድ አካፋ አፈር ላለበሰ አባል፣ የየትኛውም ወገን ይሁን፣ እንደሚያስረክቡ ነግረውኛል። ማንም ካልመጣ እሑድ ቆማችሁ ትመርጣላችሁ ማለት ነው። ከመጣችሁ ግን፣ ምርጫው ሲያልቅ ወንበሮቹን አደራ እጠፏቸው፤ ከእንግዲህ መኪናችሁ ድረስ ተከትሎ የሚመልሳችሁ ሰው የለም።